በልክ ስለ መምረጥ

ቤት የሚሠራ ሰው ድንጋዩን ከማስፈለጡ በፊት ገንዘቡን ቢቈጥር ከኀፍረት ይድናል። ጌታችን በወንጌል ግንብ ሊሠራ ስላሰበ ሰው የተናገረውን ምሳሌ ከልጅነቴ ጀምሮ በዐውደ ምሕረት ስሰማ ኖሬአለሁ፤ ነገር ግን ምሳሌው ለድንጋይና ለኖራ ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ የምጽፈው ስለ ግንብ አይደለም፤ ከጕልበት ከፍ የማይል አንድ የብረት ሣጥን ከልጄ ጋር ስለ ሠራንበት ጊዜ ነው። ሣጥኑም ኮምፒዩተር ነው፤ የተሠራውም ለጨዋታ ነው። ስለ ጨዋታ በቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ ላይ መጻፌ የሚያስደንቀው አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው ድረስ ይታገሠኝ ዘንድ እለምነዋለሁ።

ልጄ 15 ዓመት በሞላው ጊዜ ከትምህርት ቤት ወጥቶ በቀጥታ ወደ ቤት መምጣቱን ተወ። ከሰፈራችን በታች፣ ከመንገዱ ዳር፣ ወጣቶች በሰዓት እየከፈሉ የሚጫወቱበት አንድ ጌም ቤት አለ፤ መጋረጃው ቀንም ሌሊትም የተዘጋ ስለ ሆነ በውስጥ ላለ ሰው መሽቶ ይሁን ነግቶ አይታወቀውም። ልጄም ከዚያ ገብቶ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ድረስ ይቈይ ጀመር። እኔም አስቀድሜ መከርሁት፤ ምክሬን ባልሰማ ጊዜ የምሳ ገንዘቡን ቀነስሁበት፤ ምሳውን እየተወ መጫወቱን ባወቅሁ ጊዜ ደግሞ ተቈጥቼ አንድ ቀን እኔ ራሴ ሄድሁና መጋረጃውን ገልጬ በጓደኞቹ ፊት በስሙ ጠራሁት። አንገቱን ደፍቶ ተከተለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ሳምንት ሙሉ «እንደምን አደሩ» እና «ደኅና ይደሩ» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልነገረኝም። ልጅን እጁን ይዞ ወደ ቤት ማስገባት ይቻላል፤ ልቡን ግን ይዞ ማስገባት እንዳይቻል ያን ጊዜ ተረዳሁ።

እናቱ ከእኔ ይልቅ አስተዋይ ናት። አንድ ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ፣ «የሚወደው ነገር በደጅ ከሆነ ልጁም በደጅ ይሆናል፤ ነገሩን ወደ ቤት ብናገባው ምናልባት ልጁም ይገባ ይሆናል» አለችኝ። እኔም፣ «ጨዋታን በቤቴ?» ብዬ ጥቂት አጕረመረምሁ። እርስዋም፣ «በየማታው በር ላይ ቆሜ ከምጠብቀው እዚሁ ተቀምጦ ሲጫወት ባየው ይሻለኛል» ብላ መለሰችልኝ። ለዚህ ቃል መልስ አጣሁለት።

በ2017 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ እቁብ ወጣልኝ፤ 90,000 ብር ነበረ። ይህን ገንዘብ በልቤ ያሰብሁት ለወጥ ቤቱ ጣራ ነበረ፤ ቆርቆሮው ዝጎ በክረምት ያፈስ ነበርና። ነገር ግን ልጄን ጠራሁትና፣ «በቤታችን የምትጫወትበት፣ ደግሞም የምታጠናበት ኮምፒዩተር እንሥራ፤ አንተ ግን ሦስት ነገር ትገባልኛለህ» አልሁት። መጀመሪያው፣ ወጪው ከ90,000 ብር አንድ ሳንቲም እንዳያልፍ፤ ሁለተኛው፣ ትምህርቱ ሳይጠና፣ በእሑድም ቅዳሴ ሳያልቅ ኮምፒዩተሩ እንዳይከፈት፤ ሦስተኛው፣ የሚገዛው ዕቃ ሁሉ ለምን እንደ ተመረጠ ምክንያቱን በደብተር እንዲጽፍልኝ ነበረ። «ምክንያቱን ያላወቅኸውን ዕቃ አልገዛልህም» አልሁት። ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይኑን ከመሬት አንሥቶ አየኝና፣ «እሺ አባባ» አለኝ።

እኔ እንዲህ ያለውን ደንብ ብደነግግም ነገሩ በአንድ ቀን የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ስለዚህ በማግሥቱ ከአንድ ሱቅ ገባንና ተሠርቶ ያለቀ ኮምፒዩተር አየን። በመስተዋቱ ውስጥ ቀይና አረንጓዴ ሰማያዊም መብራት ይፈራረቅበታል፤ በላዩም «ጌሚንግ» የሚል ጽሕፈት ተለጥፎበታል። እንደ ጥምቀት በዓል ድንኳን አማረኝ። ልጄ ግን ሻጩን፣ «ውስጡ ያለው ፕሮሰሰር የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀው፤ የተነገረውን ስም በስልኩ ቢመለከት ከአሥር ዓመት በፊት የተሠራና ከመሥሪያ ቤት የወጣ አሮጌ ዕቃ ሆኖ ተገኘ። ስለ ግራፊክስ ካርዱም በጠየቀው ጊዜ ሻጩ፣ «8 ጊጋ ነው!» ብሎ ደጋግሞ መለሰ። ከወጣን በኋላ ልጄ እንዲህ ሲል አስረዳኝ፤ «አባባ፣ 8 ጊጋ ማለት የጎተራው ስፋት ነው እንጂ የገበሬው ጕልበት አይደለም። ሰፊ ጎተራ ያለው ሰነፍ ገበሬ አለ።» ይህን ምሳሌ ከአያቱ ቤት ያመጣው ይሆናል ብዬ በልቤ ደስ አለኝ።

በዚያው ማታ ደብተሩን ገልጦ ባሳየኝ ጊዜ በመጀመሪያው መሥመር የተጻፈው «ሞኒተር» የሚል ነበረ። እኔም፣ «ሞኒተር እኮ አለን፤ አንገዛውም» ብለው፣ «ስላለን ነው ከእርሱ የምጀምረው» አለኝ። ምክንያቱንም ሲያስረዳኝ እንዲህ ነው። በቤታችን ያለው ሞኒተር ወርዱ 1,920፣ ቁመቱ 1,080 ነጥብ ነው፤ ሁለቱን ብናባዛቸው 2,073,600 ነጥብ ይሆናል። ሥዕሉም በአንድ ሴኮንድ 60 ጊዜ ይለዋወጣል። እንግዲህ ግራፊክስ ካርዱ በየሴኮንዱ ከ124 ሚሊዮን የሚበልጥ ነጥብ ቀለም መቀባት አለበት፤ ለአንዱ ሥዕል የሚሰጠውም ጊዜ ከአንድ ሴኮንድ ከሺሕ 17 እጅ አይሞላም። ዛሬ 4ኬ የሚባለው ትልቁ ሞኒተር ግን 8,294,400 ነጥብ አለው፤ ይህም የእኛ አራት እጥፍ ነው። ለዚያ የሚበቃ ካርድ ገዝተን ከእኛ ሞኒተር ጋር ብናገጥመው ለሁለት ሰው ቤት የድግስ ጋን እንደ መግዛት ይሆናል። በሴኮንድ 100 ሥዕል ቢሠራም ሞኒተሩ 60ውን ብቻ ያሳያልና።

እውነት ለመናገር፣ ይህን ስሰማ አፈርሁ። እኔ ትልቅ ሰው ሆኜ ሁልጊዜ የምጠይቀው «የሚበልጠው የቱ ነው?» ብዬ ነበር፤ ልጄ ግን «የሚበቃን የቱ ነው?» ብሎ ጀመረ። ሁለቱ ጥያቄዎች ቅርብ ይመስላሉ፤ መንገዳቸው ግን የተለያየ ነው።

ከሞኒተሩ ቀጥሎ ስለ ፕሮሰሰርና ስለ ግራፊክስ ካርድ ጻፈ። ፕሮሰሰር ማለት በጨዋታው ውስጥ ያለው ሁሉ የት እንደ ቆመ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚደርስበት የሚያሰላው ነው፤ ግራፊክስ ካርድ ደግሞ የተሰላውን ተቀብሎ የሚሥለው ነው። አንዱ ፈጥኖ ሁለተኛው ቢዘገይ ፈጣኑ ቆሞ ይጠብቃል። ወጡ ደርሶ እንጀራው ካልተጋገረ ማዕዱ አይቀርብም፤ እንጀራውም ተጋግሮ ወጡ ካልደረሰ እንዲሁ ነው። ስለዚህ ገንዘብን ሁሉ በአንዱ ላይ ማፍሰስ ሞኝነት ነው። ሆኖም በጨዋታ የሚበዛው ሸክም በካርዱ ላይ ስለ ሆነ ከገንዘቡ ትልቁ ድርሻ ለእርሱ ይገባል።

ለፕሮሰሰሩ ሦስት ዕጩዎች አቀረበልኝ። አንደኛው የኢንቴል ኮር አይ 3 12100 ኤፍ ነበረ፤ አራት ኮር አለው፤ ከሁሉ ይረክሳል። ሁለተኛው የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600 ነው፤ በፈረንጆች 2022 የወጣ፣ ስድስት ኮር ያለው፣ ኃይሉም በ65 ዋት የተመደበ ነው። ሦስተኛው ራይዘን 5 5600 ጂ የሚባለው ነው፤ ይህ ሥዕል የሚሥል ክፍል በውስጡ ስላለ ያለ ግራፊክስ ካርድ ይሠራል። ልጄም፣ «ገንዘባችን ከዚህ ቢያንስ ኖሮ ሦስተኛውን ገዝቼ ቀላል ቀላሉን እየተጫወትሁ ለካርዱ አጠራቅም ነበር፤ አሁን ግን ካርድ ስለምንገዛ ለማንጠቀምበት ነገር አንከፍልም» አለ። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከልም ጥቂት ካመነታ በኋላ ሁለተኛውን መረጠ፤ አዳዲሶቹ ጨዋታዎች ከአራት ኮር የሚበልጥ ሥራ እያመጡ ነውና፣ ዕቃውም ብዙ ዓመት እንዲያገለግለን ወድዶ ነው።

ይህ ፕሮሰሰር የሚቀመጥበት መሰኪያ ኤኤም4 ይባላል። ራይዘን የሚባሉት ፕሮሰሰሮች ከ2017 ጀምሮ በዚህ መሰኪያ ሲወጡ ስለ ኖሩ ማዘርቦርዱ አዲስም ያገለገለም በገበያ አይታጣም። ነገር ግን ወጥመድ አለበት፤ ቢ450 የሚባለው ማዘርቦርድ ከፕሮሰሰሩ በፊት በ2018 የወጣ ስለ ሆነ በውስጡ ያለው ባዮስ የሚባለው መመሪያ ካልታደሰ አዲሱን ፕሮሰሰር አያውቀውም። ልጄም ሻጩ ባዮሱን አድሶ ከፊታችን አስነሥቶ እንዲያሳየን በደብተሩ ጽፎ ነበር፤ እንዲሁም አደረግን።

ስለ ግራፊክስ ካርዱ የመረጠው ራዲዮን አርኤክስ 6600 ነው። በፈረንጆች 2021 የወጣ፣ 8 ጊጋ ሜሞሪ ያለው፣ 132 ዋት የሚፈጅ ካርድ ነው፤ የተሠራውም እንደ እኛ ላለ ሞኒተር ነው። አዲሱ ከዐቅማችን በላይ ስለ ሆነ ያገለገለ ፈለግን። በዚህ ላይ ልጄ አንድ ታሪክ ነገረኝ። ኢቴሪየም የሚባለውን የዲጂታል ገንዘብ ለማግኘት ሰዎች በዓለም ሁሉ እነዚህን ካርዶች እየገዙ ሌሊትና ቀን ያሠሩአቸው ነበር፤ ካርድም ከገበያ ጠፍቶ ዋጋው ሰማይ ወጥቶ ነበር። በመስከረም 5 ቀን 2015 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2022) ግን ኢቴሪየም አሠራሩን ለወጠና ካርድ የማያስፈልገው ሆነ፤ ያን ጊዜ በሥራ የደከሙት ካርዶች ብዛት ያላቸው ሆነው ወደ ገበያ ወጡ። ስለዚህ ያገለገለ ካርድ የሚገዛ ሰው በቅሎ እንደሚገዛ ሰው ጥርስዋንም ኮቴዋንም ማየት አለበት። እኛም ነፋሻው ሳያንቋርር መዞሩን፣ ብሎኖቹ አለመፋቃቸውን፣ ሙቀቱም ከልክ አለማለፉን አየን፤ ሻጩም ከባድ ጨዋታ ከፍቶ አንድ ሰዓት እንዲያሠራልን ለመንነው። ሰውየው ቅን ሰው ነበረ፤ ሻይ እያጠጣ አስቀመጠን።

ሜሞሪ ወይም ራም የሚባለውን በተመለከተ 16 ጊጋ ይበቃናል አለ፤ ነገር ግን አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8 እንዲሆን አጥብቆ ፈለገ። አንዱ ብቻውን ሲሆን ነገሩ በአንድ በር ይገባል ይወጣል፤ ሁለት ሲሆኑ ግን ሁለት በር ይከፈታል፤ ዋጋቸውም እምብዛም አይለያይም። ለዕቃ ማስቀመጫውም ኤስኤስዲ የሚባለውን መረጠ፤ «ይህ ሥዕሉን አያፈጥነውም፤ ጨዋታው እስኪከፈት የምንጠብቀውን ጊዜ ግን ያሳጥራል» ብሎ ጻፈ። ያልሆነውን ጥቅም ሳይጨምር ያለውን ብቻ መጻፉ ደስ አሰኘኝ።

እንግዲህ ገንዘቡን በዚህ አኳኋን ከፋፈለው። ለግራፊክስ ካርዱ 34,000፤ ለፕሮሰሰሩ 15,000፤ ለማዘርቦርዱ 13,000፤ ለፓወር ሰፕላዩ 8,500፤ ለኤስኤስዲው 8,000፤ ለራሙ 6,500፤ ለሣጥኑ 5,000 ብር። ድምሩ 90,000 ሆነ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ከፍ ስላለ፣ ከዚህ ሒሳብ ላይ ለመቀነስም ለመጨመርም ስፍራ አልነበረም።

አሁን የራሴን በደል እናገራለሁ።

ሁሉም ዕቃ ተገዝቶ ፓወር ሰፕላዩ ብቻ በቀረ ጊዜ ልጄ ትምህርት ቤት ነበረና ብቻዬን ወደ ገበያ ወጣሁ። ፓወር ሰፕላይ ማለት ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ ለየክፍሉ በሚስማማው መጠን የሚያከፋፍል ነው። ሥዕል አይሥልም፤ ሒሳብ አያሰላም፤ መብራትም የለውም፤ ከሣጥኑ ግርጌ ተሸሽጎ ይቀመጣል። ልጄ በደብተሩ የጻፈው የታወቀ ፋብሪካ የሠራውን፣ 80 ፕላስ ብሮንዝ የሚል ምልክት ያለበትን፣ 550 ዋት የሚሰጠውን ነበረ፤ ዋጋውም 8,500 ብር ነው። አንድ ሻጭ ግን የሠሪው ስም ያልተጻፈበት፣ በትልቅ ፊደል «750 ዋት» የሚል ዕቃ አሳየኝና፣ «በ3,000 ብር ውሰደው» አለኝ። እኔም በልቤ፣ «550ው በ8,500፣ 750ው በ3,000! ልጁ ገና ልጅ ነው፤ ገንዘብ ማባከኑን አላወቀም» አልሁ። ገዛሁት። በተረፈውም 5,500 ብር ለወጥ ቤቱ ጣራ ቆርቆሮ ገዝቼ በሁለት ዕቃ ተሸክሜ እንደ ድል አድራጊ ወደ ቤት ገባሁ።

ልጄ ዕቃውን በእጁ ተቀብሎ ከፍ ዝቅ አደረገው። «አባባ፣ ይህ ቀላል ነው» አለ። «ቀላል መሆኑ ምን ይጐዳል?» አልሁት። «መዳቡና ብረቱ ሲያንስ ነው የሚቀለው» አለኝ። እኔም ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ከአንተ ይልቅ ዕቃ መግዛት አውቃለሁ» አልሁት። እርሱም ዝም አለ። ይህን ዝምታ ከዚያ በፊት ሳምንት ሙሉ ሰምቼው ነበርና ማወቅ ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን አልፌው ሄድሁ። ሦስተኛውን ደንብ የደነገግሁት እኔ፣ ምክንያቱን ያላወቅሁትን ዕቃ የገዛሁትም እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛውን ጠርገን መሥራት ጀመርን። ፕሮሰሰሩ ከሥሩ 1,331 ጥቃቅን እግሮች አሉት፤ አንዱ ከተጣመመ ጕዳቱ ብዙ ነው። በማዕዘኑ ላይ ያለችውን ትንሽ የወርቅ ሦስት ማዕዘን ከመሰኪያው ምልክት ጋር አገጣጥሞ፣ ምንም ሳይጫን፣ በክብደቱ ብቻ እንዲወርድ ለቀቀው። እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ማቀዝቀዣውን፣ ራሙን፣ ኤስኤስዲውን፣ ካርዱን በየስፍራቸው አኖርን፤ እኔም መብራት አበራሁለት፣ ብሎን አቀበልሁት። በአገልግሎት ጊዜ ዲያቆን ለካህን እንደሚያቀብል እኔ ለልጄ አቀበልሁ ብዬ ብናገር አላፍርበትም።

ሲያልቅ ቍልፉን ተጫነው፤ ነፋሻው ዞረ፤ ሞኒተሩ ግን ጨለማ ሆነ። እኔም፣ «ገንዘባችን ጠፋ» ብዬ ደነገጥሁ። ልጄ ከኋላው ጐንበስ ብሎ አየና ሳቀ። የሞኒተሩን ገመድ የሰካሁት እኔ ነበርሁ፤ የሰካሁትም በማዘርቦርዱ ላይ ነው፤ ይህ ፕሮሰሰር ደግሞ ሥዕል የሚሥል ክፍል ስለሌለው ከዚያ የሚወጣ ነገር የለም። ገመዱን ነቅሎ በካርዱ ላይ ሰካው፤ ብርሃን ሆነ። እናቱም ከወጥ ቤት እየሮጠች መጥታ እልል አለች። በዚያ ማታ በአንድ ገበታ ስንበላ ልጄ ከአፉ ቃል አልጠፋም፤ ስለ ኮምፒዩተሩ ጀምሮ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ መምህራኑ፣ ስለ ጓደኞቹ እስክንተኛ ድረስ አጫወተን።

ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ሰኔ ገብቶ ዝናብ ሲጥል፣ ልጄ ከባድ ጨዋታ ከፍቶ ሳለ ኮምፒዩተሩ ጠፋ። መብራት የሄደ መስሎን ነበር፤ የቤቱ መብራት ግን በርቶ ነበረ። እንደገና ቢያስነሣው ጥቂት ቈይቶ ዳግመኛ ጠፋ፤ በሦስተኛውም ከሣጥኑ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ልጄ ፈጥኖ ከግድግዳው ነቀለው። ከዚያም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እጁን በጕልበቱ መካከል አድርጎ ዝም አለ። «ነግሬዎት ነበር» አላለኝም። ቢለኝ ኖሮ ይቀልልኝ ነበር።

ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነሥቼ ያን ፓወር ሰፕላይ ፈትቼ አወጣሁትና መነጽሬን አድርጌ በጐኑ ያለውን ጥቃቅን ጽሕፈት አነበብሁ። ፕሮሰሰሩና ካርዱ ኃይላቸውን የሚስቡት 12 ቮልት ከሚባለው መሥመር ነው፤ በዚህ መሥመር አንጻር የተጻፈው 20 አምፔር ነበረ። 12ን በ20 ባባዛው 240 ዋት ሆነ። በፊቱ በትልቅ ፊደል 750፣ በጐኑ በጥቃቅን ፊደል 240! ካርዱ 132፣ ፕሮሰሰሩ 65 ሲሆኑ ሁለቱ ብቻ 197 ናቸው፤ ሁለቱም ሥራ ሲበዛባቸው ከዚህ ልክ ለቅጽበት ያልፋሉ፤ ነፋሻዎቹና ኤስኤስዲው፣ ማዘርቦርዱም ድርሻቸውን ይፈልጋሉ። እንዲህ ያለው ዕቃ የጻፈውን 240 እንኳ በእውነት ለመስጠቱ ዋስትና የለውም። ሻጩ ዋሸኝ ብዬ ልፈርድበት አሰብሁ፤ ነገር ግን እውነቱ በጐኑ ተጽፎ ነበር፤ ያላነበብሁት እኔ ነኝ። ያላነበብሁትም ዐይኔ ስለ ደከመ አይደለም፤ የማምነውን ቍጥር አስቀድሜ ስለ መረጥሁ ነው።

ጠዋት ልጄን ጠርቼ ጽሕፈቱን አሳየሁትና፣ «ልጄ፣ አንተ ልክ ነበርህ፤ እኔ በድያለሁ፤ ይልቁንም የበደልሁህ በዕቃው ሳይሆን በተናገርሁህ ቃል ነው» አልሁት። አባት ለልጁ እንዲህ ብሎ መናገር በእኛ አገር የተለመደ አይደለም፤ እኔም ከአባቴ አልሰማሁም። ቃሉ ከአፌ ለመውጣት ከብዶኝ ነበር፤ ከወጣ በኋላ ግን ቀለለኝ። ልጄም ምንም ሳይመልስ ወደ መኝታው ገብቶ አንድ ፖስታ ይዞ ወጣ። በፖስታው ውስጥ 1,200 ብር ነበረ። «ጌም ቤት መሄድ ከተውሁ ወዲህ ያጠራቀምሁት ነው፤ ለፓወር ሰፕላዩ ይጨምሩበት» አለኝ። ገንዘቡን ልመልስለት ወደድሁ፤ እናቱ ግን በዐይንዋ ከለከለችኝ፤ ተቀበልሁት።

የቀረውን ከደመወዜ ጨምሬ አብረን ሄደን በደብተሩ የተጻፈውን ገዛን። በሚዛን ሲነሣ ከባድ ነው። 80 ፕላስ የሚለው ምልክት ከ2004 ጀምሮ የሚሰጥ ነው፤ ብሮንዝ የተባለው በግማሽ ሸክም ጊዜ ከሚቀበለው ኃይል ከመቶ 85 እጁን ለሥራ ያደርሳል፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ነገር ግን ልጄ እንዳስረዳኝ ምልክቱ የሚመሰክረው ኃይል አለማባከኑን ነው እንጂ ከአደጋ መጠበቁን አይደለም፤ ስለዚህ የሠሪውም ስም መታየት አለበት። በሰፈራችንም መብራቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል ማስተካከያ ስታቢላይዘር ጨመርንበት። ከዚህ በኋላ ኮምፒዩተሩን በፍርሃት አስነሣነው፤ ከሌሎቹ ክፍሎች አንድም አልተጐዳም ነበር። ይህ የእኔ ብልሃት ሳይሆን የእግዚአብሔር ቸርነት ነው። ባይሆን ኖሮ 5,500 ብር ለማትረፍ ብዬ 34,000 ብሩን ካርድ አቃጥዬ ነበር። አሁንም ቢሆን ርካሽ የመሰለኝ ዕቃ 3,000 ብር በከንቱ አስወጥቶኛል።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት አንባቢ ያንኑ ዕቃ እንዲገዛ አይደለም። ዋጋ ይለወጣል፤ ስምም ይለወጣል። በፈረንጆች 2025 ማለቂያ ፋብሪካዎች ሜሞሪውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ማድረግ ስላበዙ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ ተወድዶ ነበር፤ ልጄ በ6,500 ብር ብሎ የጻፈው መሥመርም ለዚያ ጊዜ ሰው የሚረዳ አልሆነም። የአመራረጡ መንገድ ግን አይለወጥም። አስቀድሞ በቤት ያለውን ማወቅ፤ ከዚያ የሚበቃውን መጠየቅ፤ አንዱ ክፍል ሁለተኛውን ቆሞ እንዳያስጠብቀው ማመዛዘን፤ በመጨረሻም ለማይታየው ክፍል ድርሻውን አለመንፈግ ነው። የሚታየውን ክፍል ጎረቤት ያመሰግነዋል፤ የማይታየው ግን የሁሉ ሸክም በላዩ ሳለ የሚያመሰግነው የለም። በቤተ ሰብም እንዲሁ የማይታይ ክፍል አለ፤ እኔ ያን ጊዜ በመጋረጃው በር ቆሜ ልጄን በጓደኞቹ ፊት ስጠራው የቈረጥሁት እርሱን ነበር።

ልጄ አሁን ከትምህርት ቤት በቀጥታ ይመጣል። አንዳንድ ቀን ጓደኞቹን ይዞ ይመጣል፤ እናቱም ቆሎና ሻይ ታቀርብላቸዋለች። አንድ ማታ እኔን ከአጠገቡ አስቀምጦ የእግር ኳስ ጨዋታ አስተማረኝ፤ 7 ለ 0 አሸነፈኝ። በውጭ ዝናብ ይጥል ነበር፤ በአዲሱም ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ድምፁ ይሰማ ነበር። ልጄም ጆሮውን ወደ ወጥ ቤቱ አዘንብሎ፣ «አባባ፣ ቆርቆሮውን ግን ደኅና መርጠዋል» አለኝ።